ፒኤች ሜትር ስንገዛ ምን እየገዛን ነው?

የላብራቶሪ ዕቃ የጨረታ ሰነድ ማገላበጥ የለመደ ሰው የፒኤች ሜትሩን መስመር ሳያነበው ሊገምተው ይችላል። «ከ0 እስከ 14 የሚለካ፣ እስከ 0.001 ድረስ የሚያሳይ፣ ባለቀለም ተች ስክሪን ያለው፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ፣ ከነኤሌክትሮዱ» ይላል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ናሙናውን የሚነካውና ልኬቱን የሚወስደው፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ቃል የታለፈው ኤሌክትሮድ ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ለምን ዓይነት ናሙና እንደሚውል፣ መቼ እንደተመረተ ሰነዱ አይናገርም። ተጫራቹም ያልተጠየቀውን አይመልስም። ያገኘውን ርካሽ ኤሌክትሮድ ከሣጥኑ ጋር አሽጎ ያቀርባል፤ ዋጋው ዝቅ ስላለም ያሸንፋል።

ችግሩ የቆየ ቢሆንም አሁን ከበድ ብሏል። አንደኛው ምክንያት ገበያው ራሱ ነው። በአንድ ጫፍ እንደ እስክርቢቶ የሚያዙ፣ ከሃያ ዶላር በታች የሚሸጡ መለኪያዎች ሱቁን ሞልተውታል። በሌላው ጫፍ ኤሌክትሮዱ ውስጥ ቺፕ የተቀበረላቸው፣ የካሊብሬሽን ታሪካቸውን ራሳቸው የሚመዘግቡ፣ ዋጋቸው ከሺህ ዶላር የሚያልፍ መሣሪያዎች መጥተዋል። ሁለተኛው ምክንያት የእኛው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚተካ ዕቃ ያለው መሣሪያ ሲገዛ፣ ዋናው ሒሳብ ያለው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በሚመጣው ወጪ ላይ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ለሕይወት ሳይንስ ላብራቶሪ ፒኤች ሜትር መምረጥ ማለት በዋናነት ኤሌክትሮድ መምረጥ ማለት ነው። የበጀቱም፣ የስፔሲፊኬሽኑም ትልቁ ድርሻ ወደዚያ መሄድ አለበት።

ሣጥኑን፣ ማለትም የሜትሩን አካል፣ ዝቅ አድርጌ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። የፒኤች መለኪያ ሐሳብ የተወለደው በሕይወት ሳይንስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ሶረን ሶረንሰን የተባለው የዴንማርክ ኬሚስት በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ኢንዛይሞችን ሲያጠና የሃይድሮጂን አዮንን መጠን በቀላል ቁጥር የሚገልጽበት መንገድ ስላስፈለገው ፒኤችን አመጣ። የብርጭቆ ኤሌክትሮድም በዚያው ዘመን ይታወቅ ነበር። ችግሩ ብርጭቆው ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ነበር። በመቶ ሚሊዮኖች ኦም የሚቆጠር በመሆኑ፣ የዚያን ጊዜ ተራ መለኪያ ከእሱ የሚመጣውን ደካማ ቮልቴጅ ሳያዛባ ማንበብ አይችልም ነበር። በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ አርኖልድ ቤክማን የሎሚ ጭማቂ አሲድነት መለካት ላቃተው ወዳጁ ብሎ በቫኩም ቱዩብ ማጉያ ሠራና ችግሩን ፈታው። ሣጥኑ መሥራት ያለበት ዋና ሥራ ይኸው ነው፤ ከብርጭቆው የመጣውን ቮልቴጅ ጅረት ሳይስብ ማንበብ። ዛሬ ይህን ሥራ በጣም ርካሽ የሆነ ቺፕ ይሠራዋል። ስለዚህ በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለው የብዙ መቶ ዶላር ልዩነት በአብዛኛው የስክሪን፣ የማኅደረ ትውስታና የስም ልዩነት ነው።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወባ ምርመራን እንውሰድ። የጊምሳ ቀለም የሚበጠበጥበት ውኃ ፒኤቹ 7.2 እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያዛል። በዚህ ፒኤች በደንብ የተቀለመ ስላይድ ላይ ቫይቫክስ የገባበት ቀይ የደም ሴል የሹፍነር ነጠብጣቦች የሚባሉትን ያሳያል፤ ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠው ባለሙያም ቫይቫክስን ከፋልሲፓረም ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። ውኃው ወደ 6.8 ሲወርድ ነጠብጣቦቹ ይደበዝዛሉ፣ ወይም ጨርሶ አይታዩም። ለተራ የደም ሴል ምርመራ ግን 6.8 የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለቱም ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ሁለቱም የወባ ዓይነቶች አሉ፤ ሕክምናቸውም አንድ አይደለም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ፕሪማኩዊን ይጨመርለታል። በሁለቱ ጠርሙሶች መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፒኤች ስኬል በአሥር እጥፍ የሚራመድ ስለሆነ 0.3 ብቻ ሲለወጥ የሃይድሮጂን አዮኑ መጠን በእጥፍ ይለወጣል።

ሞለኪውላር ባዮሎጂ ውስጥም እንዲሁ ነው። ፕሮቲን በጄል ላይ የሚያስኬድ ሰው የላይኛውን ጄል በ6.8፣ የታችኛውን በ8.8 ያዘጋጃል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ባንዱ ይደበላለቃል። በፌኖል የሚያወጣ ሰው ፌኖሉ ወደ 8 የተስተካከለ ከሆነ ዲኤንኤውን በላይኛው ፈሳሽ ያገኘዋል። ፌኖሉ አሲዳማ ከሆነ ግን ላይ የሚቀረው አርኤንኤው ብቻ ነው፤ ዲኤንኤው የት እንደሄደ ሲፈለግ ይዋላል። ኢዲቲኤ ብቻ ነው ሐቀኛው፦ 0.5 ሞላር ሲዘጋጅ ፒኤቹ ወደ 8 ካልተጠጋ ዱቄቱ አይሟሟም፤ ሜትሩ ቢዋሽ እንኳ ጠርሙሱ ያጋልጠዋል። ሌሎቹ ባፈሮች ግን ጥርት ብለው ይቀመጣሉ። ስህተታቸው የሚታወቀው ሳምንታት ያለፉበት ሥራ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያኔም ጥፋቱ የሚጣለው በኢንዛይሙ ወይም በተማሪው ላይ ነው።

እንግዲህ ኤሌክትሮዱን እንክፈተው። አብዛኛው ኤሌክትሮድ በአንድ ዘንግ ውስጥ ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ጫፉ ላይ ያለው ስስ የብርጭቆ አምፖል ነው፤ የሃይድሮጂን አዮንን የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለተኛው ሪፈረንስ ይባላል። ክሎራይድ የተለበጠ የሲልቨር ሽቦ በፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል፤ ይህ ፈሳሽ ጃንክሽን በምትባል ትንሽ የሴራሚክ ወንፊት በኩል በጣም በቀስታ ወደ ናሙናው እየወጣ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ያሟላል። ፖታሲየም ክሎራይዱ ሲወጣ የተሟሟ ሲልቨርም ይዞ ይወጣል። የሕይወት ሳይንስ ላብራቶሪ ከውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ላብራቶሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ናሙና ፕሮቲን አለበት፣ ትሪስ አለበት፣ ዲቲቲ ወይም መርካፕቶኢታኖል አለበት። ሲልቨሩ ከፕሮቲንና ከሰልፈር ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ በትሪስ ባፈር ውስጥም ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል። ወንፊቷ ትጠቁራለች፣ ትደፈናለች። ከዚያ ቁጥሩ አልረጋ ይላል፤ 8.02 ያለው ትንሽ ቆይቶ 8.07 ይላል፣ ተመልሶ 8.04 ይላል። ቴክኒሺያኑ ቢከር ያማስላል፣ ኤሌክትሮዱን ያራግፋል፣ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፤ በመጨረሻም ደስ ያለውን ቁጥር መዝግቦ ይሄዳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከግዢው በፊት ነው ያለው። ሰነዱ ላይ «ባለ ሁለት ጃንክሽን» የሚል ቃል ይግባ። በዚህ ዓይነቱ ኤሌክትሮድ ውስጥ ሲልቨሩ በውስጠኛው ክፍል ይቀራል፤ ከናሙናው ጋር የሚገናኘው የውጪው ክፍል ፈሳሽ ሲልቨር የለበትም። ሌላው አማራጭ ሲልቨርን ጨርሶ ትቶ በአዮዲን የሚሠራው፣ ሮስ በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ትሪስና ፕሮቲን ቀኑን ሙሉ ለሚለካ ላብራቶሪ ግን ያዋጣል። ተራውን ባለ አንድ ጃንክሽን ለእንዲህ ያለ ሥራ መግዛት በየሦስት ወሩ ሌላ ለመግዛት እንደመፈረም ነው።

ፈሳሹ የሚሞላ ይሁን ወይስ በጄል የታሸገ የሚለው ክርክር እንደ ሰዉ ይወሰናል። የሚሞላው ፈጥኖ ይረጋል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ግን የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ሲለካበት የመሙያው ቀዳዳ መከፈት አለበት፤ የፈሳሹ ከፍታም ከናሙናው በላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ናሙናው ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ሕግ የማያውቁ ብዙ ተማሪዎች በሚፈራረቁበት የማስተማሪያ ላብራቶሪ ጄሉ ይሻላል። ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ ይጣላል፤ ማንም አይጸጸትበትም። ለምርምር ክፍሉ ግን የሚሞላውን እመርጣለሁ።

ቅርጹም ይታሰብበት። የተለመደው ኤሌክትሮድ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ቢከር ይፈልጋል። በማይክሮቲዩብ ውስጥ ያለ አንድ ሚሊሊትር ውድ ናሙና የሚለካ ሰው ቀጭኑን፣ በሚሊሜትሮች የሚቆጠረውን ካልያዘ ወይ ናሙናውን ያቀጥነዋል ወይ በወረቀት ይገምታል። የአጋር ሳህን ላይ ለሚለካ ደግሞ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ አለ። አንድ ኤሌክትሮድ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ የሚሸጥለትን ላብራቶሪ ሥራ አልጠየቀም ማለት ነው።

የሙቀቱ ነገር ብዙ የሚወራበት፣ ግን ብዙ ያልተረዳነው ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፍጹም የሆነ ኤሌክትሮድ ለአንድ ፒኤች 59.16 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ በ37 ዲግሪ 61.5 ገደማ ይሆናል። «አውቶማቲክ የሙቀት ማስተካከያ» የሚባለው ነገር የሚያስተካክለው ይህን ብቻ ነው፤ የኤሌክትሮዱን። የናሙናው ፒኤች ራሱ ከሙቀት ጋር መለወጡን አያስተካክልም፣ ሊያስተካክልም አይችልም። ብዙ ሰው ግን ማስተካከያ ያለው ሜትር ከገዛ ሙቀትን መርሳት የሚችል ይመስለዋል።

ትሪስን እንመልከት። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ፒኤቹ በ0.028 ገደማ ይወርዳል። በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ክፍሉ 18 ዲግሪ ነው እንበል። ቴክኒሺያኑ ትሪሱን በዚያው ሙቀት በትክክል 8.0 ያደርገዋል። ባፈሩ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ሲገባ 7.5 ገደማ ይሆናል፤ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ወደ 8.4 ይወጣል። ሜትሩ አልተሳሳተም፣ ቴክኒሺያኑም አልተሳሳተም፤ ፕሮቶኮሉ ግን የተጻፈው ክፍሉ 25 ዲግሪ ለሆነበት ቦታ ነው። ጋምቤላ ወይም ሰመራ ያለ ላብራቶሪ ያንኑ ፕሮቶኮል ይዞ ሲሠራ ስህተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሆናል። ሁለቱ ላብራቶሪዎች በአንድ ጥናት ውስጥ ከሆኑ ውጤታቸው የማይገጥምበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ፎስፌት ከዚህ በአሥር እጥፍ የረጋ ነው። ስለዚህ ከሜትሩ ጋር አብሮ መገዛት ያለበት የሙቀት መለኪያ ዘንግ ነው፤ በኤሌክትሮዱ ውስጥ የተሠራ ቢሆንም ባይሆንም ችግር የለውም። ከፒኤቹ ጎን ሙቀቱን መመዝገብ ልማድ ካልሆነ ግን ዘንጉም ጌጥ ነው።

ከሙቀት ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሜትር ምርጫ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ደጋ ላይ ሴል የሚያሳድግ ሰው ሊያውቀው ይገባል። የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ በባይካርቦኔት የሚረጋው ኢንኩቤተሩ ውስጥ ካለው 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲመዛዘን ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ግን ከባሕር ጠለል ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 5 በመቶ እዚህ ሲሰላ እዚያ ታች 3.8 በመቶ እንደማለት ስለሆነ ፈሳሹ ከታሰበው በ0.12 ገደማ ከፍ ይላል። ይህን በፒኤች ሜትር ለማረጋገጥ የፈለገ ሰው መፍጠን አለበት፤ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሲቆይ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ የፈሳሹ ቀይ ቀለምም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ለመርጋት ሦስት ደቂቃ የሚፈልግ ያረጀ ኤሌክትሮድ እዚህ ላይ የሚለካው ፈሳሹ የነበረውን ሳይሆን የሆነውን ነው።

ወደ ካሊብሬሽን እንምጣ፤ እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ አደገኛ የምለው ስህተት ያለው እዚህ ነው። በዓለም ላይ ሁለት የካሊብሬሽን ባፈር ቤተሰቦች በስፋት ይሸጣሉ። አንዱ 4.01፣ 7.00 እና 10.01 ነው። ሌላው 4.01፣ 6.86 እና 9.18 ነው። ከርካሾቹ እስክርቢቶ መለኪያዎች ጋር የሚመጡት የዱቄት ከረጢቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ቤተሰብ ናቸው። አሁን እናስላ። ሜትሩ 7.00ን እንዲጠብቅ ተደርጎ ተዘጋጅቷል፤ ባለሙያው ግን ያገኘውን የ6.86 ዱቄት በጥብጦ ያቀርብለታል። ልዩነቱ በ25 ዲግሪ 8 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ብዙ ሜትሮች እስከ 30 ሚሊቮልት ድረስ ያለ ልዩነትን እንደ ኤሌክትሮዱ ተፈጥሮ ቆጥረው ስለሚያልፉ ይቀበለዋል። ቀጥሎ 4.01 ይገባል። ሜትሩ የኤሌክትሮዱን ብቃት ሲያሰላ 95 በመቶ ያገኛል፤ ያም በደህና ኤሌክትሮድ ክልል ውስጥ ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ከዚያ በኋላ ያ ላብራቶሪ 7.40 ብሎ የሚያዘጋጀው ፒቢኤስ ሁሉ እውነተኛ ፒኤቹ 7.24 ነው። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ምንም የሚዋልል ቁጥር የለም፤ ልኬቱ የረጋ፣ የሚደጋገም፣ የተሳሳተ ነው።

ይህን የሚያጋልጥ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ባፈር። በሁለቱ ካሊብሬት ከተደረገ በኋላ ከሌላ ጠርሙስ፣ ከተቻለም ከሌላ አምራች የመጣ ባፈር እንደ ናሙና ተለክቶ ቁጥሩ ከተጻፈበት ጋር መመሳከር አለበት። ስለዚህ ከሜትሩ የሚፈለገው ባሕርይ ቀለም ያለው ስክሪን አይደለም። የባፈር ቤተሰቡን የሚያስመርጥ፣ ከካሊብሬሽን በኋላ ብቃቱን በመቶኛና ልዩነቱን በሚሊቮልት የሚያሳይ መሆኑ ነው። ጥሬውን ሚሊቮልት የማያሳይ ሜትር ለሕይወት ሳይንስ ላብራቶሪ መገዛት የለበትም፤ ችግር ሲመጣ ከኤሌክትሮዱና ከሣጥኑ የትኛው እንደታመመ መለየት አይቻልም። 0.001 የምትለዋም ሦስተኛ ቁጥር እንደ ስክሪኑ ቀለም ጌጥ ናት። የምንገዛቸው የካሊብሬሽን ባፈሮች ራሳቸው ዋስትናቸው እስከ 0.01 ወይም 0.02 ድረስ ነው። ከዚያ በታች የሚታየው ቁጥር ሙቀትና ማማሰል የሚያወዛውዘው ነው። 0.01 ይበቃል።

ቺፕ ያላቸውን ኤሌክትሮዶች በተመለከተ ነገሩን በሁለት ዓይን አየዋለሁ። የሜትለር ቶሌዶ አይኤስኤምን የመሳሰሉት ካሊብሬሽናቸውን በራሳቸው ይዘው ስለሚዞሩ፣ በአይኤስኦ 17025 ወይም በ15189 ዕውቅና ለሚፈልግ ላብራቶሪ መዝገብ አያያዙን ያቀሉታል። አንዱ ኤሌክትሮድ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወርም ታሪኩ አብሮት ይሄዳል። የእኛ ላብራቶሪዎች ግን ሌላ ጥያቄ ማንሳት አለባቸው፦ ይህ ኤሌክትሮድ ሲሞት ከማን ነው የምንገዛው? ቢኤንሲ የሚባለው ክብ፣ ተጠምዝዞ የሚገባው መሰኪያ ያለው ሜትር የማንኛውንም አምራች ኤሌክትሮድ ይቀበላል። የራሱ ልዩ መሰኪያ ያለው ሜትር ግን የሚሠራው አምራቹ ኤሌክትሮዱን ማምረቱን፣ ወኪሉ ማስመጣቱን፣ ባንኩም ምንዛሪ መፍቀዱን እስከቀጠሉ ድረስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቆም ሣጥኑ ጤነኛ ሆኖ መጋዘን ይገባል። እንዲህ ጤነኛ ሆኖ የተቀመጠ መሣሪያ ያላየ የላብራቶሪ ኃላፊ ያለ አይመስለኝም። ቢኤንሲ መሰኪያን በሰነዱ ላይ ግዴታ ማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

እስክርቢቶዎቹን ሙሉ በሙሉ አላወግዝም። የጓሮ ውኃ፣ የአፈር ብጥብጥ፣ የሊጥ አሲድነት በመስክ ለማየት በቂ ናቸው። ለባፈር ዝግጅት ግን አይሆኑም፤ በብዙዎቹ ኤሌክትሮዱ ሲያረጅ መለወጥ አይቻልም፣ ሚሊቮልትም አያሳዩም። ከብርጭቆ ውጪ የሆነውም ቴክኖሎጂ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሆላንዳዊው ፒት በርክፌልድ ይፋ ያደረገው፣ አይስፌት የሚባለው፣ ሃይድሮጂን አዮንን በትራንዚስተር የሚያውቅ ዘዴ ነው። አይሰበርም፣ በደረቁ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ምግብ ላይ ለሚሠሩ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የታወቀው አዮን ቶረንት የተባለው የዲኤንኤ ማንበቢያም በዚሁ መርህ ነው የሚሠራው። አንድ ኑክሊዮታይድ በተጨመረ ቁጥር የሚለቀቀውን ሃይድሮጂን አዮን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የፒኤች መለኪያዎች ያነቡታል። ለተራ የጠረጴዛ ሥራ ግን ብርጭቆው ገና አልተተካም፤ አይስፌቱ ቀስ በቀስ የመንሸራተት ጠባይ አለው፣ ዋጋውም ርካሽ አይደለም።

ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል? ለአንድ መካከለኛ የምርምር ላብራቶሪ ደህና ስም ያለው፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ የጠረጴዛ ሜትር፣ ሁለት ባለ ሁለት ጃንክሽን ኤሌክትሮዶች፣ አስፈላጊ ከሆነ አንድ ቀጭን፣ የሦስቱ ባፈሮች የዓመት ፍጆታ፣ ባለ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ፕሮቲን ማጽጃ የፔፕሲን ፈሳሽና ለጠቆረው ጃንክሽን ታዮዩሪያ ይገዛ። ሁለቱ ማጽጃዎች ላብራቶሪው ውስጥም ሊዘጋጁ ይችላሉ። የ10.01 ባፈር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚወርድ በትንሽ ጠርሙስ ይገዛ፤ የተከፈተው ቶሎ ይጣል። ኤሌክትሮዱ በፖታሲየም ክሎራይድ ይቀመጥ እንጂ በዲስቲልድ ውኃ አይዘፍዘፍ፤ ውኃው ውስጡን ያጥባል። በበጋ ደግሞ ቆቡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቶሎ ስለሚደርቅ በየሳምንቱ ይታይ። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው በስም ካልተመደበ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ ፈተና አለ፤ በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል «ለአምስት ዓመት የሚበቃ ኤሌክትሮድ አንድ ላይ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ምንዛሪው ሳይጨምር መግዛቱ ብልህነት ይመስላል። ኤሌክትሮድ ግን በማሸጊያው ውስጥ ሳይነካም ያረጃል፤ ብርጭቆው ይለወጣል፣ ፈሳሹ ይደርቃል። ሦስት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ኤሌክትሮድ አዲስ አይደለም። የሚሻለው ለጥቂት ዓመታት የሚዘልቅ የማዕቀፍ ውል ገብቶ በየዓመቱ ትኩሱን መረከብ ነው።

ርክክቡ ላይ ደግሞ ንብረት ክፍሉ ዕቃውን የሚቆጥረው በካርቶን ነው፤ ሜትር አንድ፣ ኤሌክትሮድ ሁለት፣ ገመድ አንድ። የላብራቶሪው ሰው እዚያ ይገኝ። በኤሌክትሮዱ ላይ ወይም በማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ቀን ይታይ፤ ካርቶኑ ይከፈት፣ ኤሌክትሮዱ እንደ መመሪያው ተዘፍዝፎ በ7.00 እና በ4.01 ካሊብሬት ይደረግ፤ በ10.01 ይፈተሽ። ብቃቱ ከ95 በመቶ በታች ከሆነ፣ ወይም በ7.00 ላይ ያለው ልዩነት ከ30 ሚሊቮልት ካለፈ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ አይቆረጥ፤ ኤሌክትሮዱ ለአቅራቢው ይመለስ።